ጭኔ ላይ ያለው ቀይ ክብ

ኅዳር 3

ጭምቱ ወንድሜ፣

ከሁሉ በፊት፣ አላነክስም። ጋሼህ ባለቤቴ ደውሎ «እህትህ ታነክሳለች» ያለህ፣ ጡረታ ከወጣ ወዲህ የሚያርመው ደብተር ስላጣ ነው፤ አሁን የእኔን አረማመድ ያርማል። ቀኝ እግሬን ትንሽ እጎትታለሁ፣ እሱ እውነት ነው። ከዳሌዬ ዝቅ ብሎ ጭኔን ያመኛል። ጠዋት ስነሳ ይብስብኛል፣ ስረግጠው ይወጋኛል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የስፌት መኪና ፔዳል የረገጠ እግር ባያመው ነበር የሚገርመው።

ለምን ደውዬ እንዳልነገርኩህ ጠይቀሃል። ሱቄንና ቤቴን የምትለየውን ግድግዳ ታውቃታለህ፤ ከገበር ጨርቅ አትወፍርም። እኔ ስልክ አንስቼ ስለ ጡቴ ማውራት ስጀምር፣ ጋሼህ በዚያ በኩል የሬዲዮኑን ድምፅ ይቀንሳል። ደግሞ በስልክ ድምፄ ያሳብቅብኛል፤ ያንተማ አይነሳ። ብዕር ስይዝ ይሻለኛል።

ጡቴ ከወጣ አራት ዓመት ሞላው። ቁስሉ ድኗል፣ በየስድስት ወሩ እታያለሁ፣ ሐኪሙም እየሳቀ ነው የሚሸኘኝ። ስለ ኪኒኑ ደጋግመህ ለጠየቅከኝ፣ ኪኒኑ መደርደሪያው ላይ አለ፤ የትም አልሄደም።

እዚህ ጤና ጣቢያ ጭኔን ራጅ ተነሳሁ። ያነሳችኝን ልጅ «ምን ይታያል?» ብላት፣ ፊቷን ጥርቅም አድርጋ ዘግታ «ሐኪሙ ይነግርዎታል» አለችኝ። አንተ ትዝ አልከኝና ሳቅኩ። እውነት አንተም ቀኑን ሙሉ ሰውን እንዲህ እያልክ ነው የምትሸኘው? የሐኪሙ ቀጠሮ ታኅሣሥ 10 ነው፤ ከወር በላይ ይቀረዋል። ወንድሜ የራጅ ባለሙያ ሆኖ ሳለ ምን አስጠበቀኝ ብዬ ፊልሙን በአውቶቡሱ ሹፌር ልኬልሃለሁ። እንዳይታጠፍ ከሁለት ካርቶን መሃል አድርጌ ዙሪያውን ሰፍቼዋለሁ። ስትከፍተው ክሩን ተርትር እንጂ ካርቶኑን አትቅደደው፤ ለመልሱ ይሆነናል።

ያየኸውን ንገረኝ። እንደ በሽተኛ ሳይሆን እንደ እህት። ለትምህርት ቤቱ ሰማኒያ ዩኒፎርም ተቀብያለሁ፣ ጣቃው ሁሉ ያለው ላይኛው መደርደሪያ ላይ ነው፣ መሰላል መውጣቴ አይቀርም። እግር የማሳርፍበት ጊዜ አይደለም።

እትዬ


ኅዳር 8

ለምወድሽና ለማከብርሽ እህቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? ጋሼስ ጉንፋናቸው ተሻላቸው? ጎረቤትሽ ጫማ ሰሪውስ እንዴት ነው? አሁንም መዶሻውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ «ማን ወሰደብኝ» እያለ ይፈልጋል? እኔ በጣም ደህና ነኝ። ሥራም ደህና ነው። እዚህ ሰሞኑን ጠዋት ጠዋት ጉም አለ፣ እስከ አራት ሰዓት ድረስ አይገለጥም፤ ከሰዓት በኋላ ግን ጥሩ ፀሐይ ይወጣል። የሰፈራችን አስፋልት ተጠግኖ አልቋል፣ በጣም ጥሩ ሆኗል። የሥራ ባልደረባዬ ሚስት ሴት ልጅ ተገላግላለች። ሁሉም ሰላም ብለውሻል።

ፊልሙ በደህና ደርሶኛል። ስፌቱን ለመተርተር አስቸግሮኝ ነበር። ጥራቱ ደህና ነው፤ ትንሽ ጨለም ብሏል፣ ማሽናቸው አሮጌ ሳይሆን አይቀርም። እንደምታውቂው እኔ የማንሳት እንጂ የማንበብ ሥልጣን የለኝም። ዝርዝሩን ሐኪሙ ይነግርሻል።

እስከዚያው ለጥንቃቄ ያህል ፔዳሉን ባትረግጪ ጥሩ ነው። ምርኩዝ ከተገኘ በግራ እጅሽ ያዢ። መሰላሉም ላይ አትውጪ፤ ለጥንቃቄ ነው። ቀጠሮውን ቀደም ያደርጉልሽ እንደሆነ ጠይቂያቸው፣ እኔም እደውላለሁ። ሌላ የሚያሳስብ ነገር የለም።

ፊልሙን መልሼልሻለሁ። ጋሼን ሰላም በይልኝ። ጫማ ሰሪውንም ሰላም በይልኝ። ለሰፈሩ ሰው ሁሉ ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

አክባሪ ወንድምሽ


ኅዳር 12

አንተ!

አንድ ገጽ ሙሉ ሰላምታ። ስለ ጉም። ስለ አስፋልት! በሕይወትህ ስለ አስፋልት ጽፈህልኝ ታውቃለህ? ከስምንት ዓመትህ ጀምሮ ያሳደግኩህ እኔ ነኝ፤ እንዲህ ሰላምታ የምታበዛው ብርጭቆ የሰበርክ ቀን ነበር። ገና ሁለተኛው መስመር ላይ አወቅኩብህ።

ቢሆንም ልንገርህ፣ ደብዳቤህን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። «ለጥንቃቄ» ያልከውን ሁሉ ሰማሁና ተውኩት፤ ምክንያቱን ያልነገሩት ሰው እንዴት ይጠነቀቃል? መሰላሉን አቁሜ ሁለተኛው መወጣጫ ላይ ደረስኩ። ግራ እግሬ እላዩ ላይ ነው፣ ቀኙን ላስከትል ነው። ከዚያ ካርቶኑን ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አየሁት፤ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። ፊልሜ ወድቆ ከሚረገጥ ብዬ ወረድኩ።

መስኮቱ ላይ የተሰቀሉትን ልብሶች ገለል አድርጌ ፊልሙን መስታወቱ ላይ ያዝኩት። ስልክልህ ንጹሕ ነበር። አሁን ጭኔ ላይ ቀይ ክብ አለ። የካፖርት ቁልፍ ታህላለች። ከጎኗ በትንንሹ ቀኑ ተጽፏል፣ ቀጥሎ ያንተ የስም ፊደል።

እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ጨርቅ ላይ በጠመኔ ምልክት ሳደርግ የኖርኩ ሴት ነኝ። ምልክት የሚደረገው የሚቆረጥበት ቦታ ላይ ነው፤ ወይ የሚጠብበት፣ ወይ የሚጠገንበት። ደህናውን ጨርቅ ማን ይነካዋል? ወንበር መፈለግ እንኳ አልቻልኩም፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ ያከማቸሁበት ላይ ዝርፍጥ አልኩ። ከዚያ እንደ ምንም ቀና ብዬ በጣቴ ተከተልኩት። ሌላው አጥንት ነጭ ነው። ክቡ ውስጥ ያለው ግን ጠቁሯል፣ ብል እንደበላው ሱፍ።

አፍህ ዋሽቶኛል። እጅህ ግን አልዋሸኝም። አሁን ንገረኝ፤ ክቡ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?

ከዚያ ሰዓት ጀምሮ በዚያ እግሬ አልቆምኩም። መሰላሉ እዚያው እንደቆመ ነው። ጋሼህ ወገቧን ነው ብሎ ያምናል።

እትዬ


ኅዳር 14

እትዬ፣

ክቡ ውስጥ ያለው፣ እኔ እንደማየው፣ ከጡትሽ የተነሳው ካንሰር ነው። አጥንትሽ ውስጥ ገብቷል። ናሙና ወስደው ያረጋግጣሉ፤ ግን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አይቼዋለሁ፣ እሱ ነው።

ይቺን ለመጻፍ ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ።

እዚህ ሥራ ስገባ መጀመሪያ ያስተማሩን ፊት መዝጋት ነው። ሰውየው አልጋው ላይ ተኝቶ ዓይን ዓይንሽን ያያል፤ አንቺ ስክሪኑ ላይ ምንም ብታዪ «ይነሱ፣ ጨርሰናል፣ ሐኪሙ ይነግርዎታል» ትያለሽ። ለእሱም ይጠቅማል፣ የምናየው ሁሉ ልክ አይደለምና። ፊልሙን መብራቱ ላይ እንሰቅላለን፣ ዓይናችን የያዘውን ቦታ በቀይ የሰም እርሳስ ለሐኪሙ እንከብበታለን፣ ቀኑንና ፊደላችንን እንጽፋለን። ያንቺንም ሰቀልኩት። ያንቺ መሆኑን እያወቅኩ እጄ ቀደመኝ። ከዚያ መብራቱን አጥፍቼ ተቀመጥኩ። ተመልሼ ፊልሙን ካርቶኑ ውስጥ ስከት ክቡን አላየሁትም፤ ለእኔ ምልክት የፊልሙ አካል ነው፣ አይታየኝም። ያንን ሁሉ ሰላምታ ስጽፍልሽ፣ ጭንሽ ላይ የጻፍኩት ቀድሞኝ መሄዱን አላወቅኩም ነበር። መሰላሉን ሳስብ እንቅልፍ የለኝም። ይቅር በዪኝ።

አዲስ በሽታ አይደለም፤ የአጥንት ካንሰርም አይባልም፣ ያው የጡቱ ነው። ጡትሽ ከመውጣቱ በፊት ጥቂት ሴሎች በደም ውስጥ አምልጠው መቅኔ ውስጥ ገብተው አድፍጠዋል። ዓመታት እንዲያ መቆየት ይችላሉ። አጥንት ደግሞ ድንጋይ እንዳይመስልሽ፤ ሁልጊዜ ይፈርሳል፣ ሁልጊዜ ይሠራል። አሮጌውን የሚተረትሩ ሴሎች አሉ፣ አዲሱን የሚሰፉ አሉ። እኩል እኩል ሲሄዱ አጥንቱ ጤነኛ ነው። ካንሰሩ የሚተረትሩትን ያጣድፋቸዋል። እነሱ በተረተሩ ቁጥር ከአጥንቱ ውስጥ እድገት የሚሰጥ ነገር ይፈስሳል፣ ካንሰሩ ያንን ይመገባል፣ ሲያድግ መልሶ እነሱን ያጣድፋል። የሚሰፉት አይደርሱባቸውም። ያየሽው ጥቁር የተተረተረው ቦታ ነው።

አሁን ዋናው ነገር አለመርገጥሽ ነው። እዚያ ቦታ ላይ ከአጥንቱ ውፍረት ከግማሽ በላይ ተበልቷል። ለመሰበር መውደቅ አያስፈልገውም፣ ዞር ስትዪ ይበቃዋል። ከተሰበረ የመራመድሽ ነገር አስጊ ነው፤ ሳይሰበር ግን የብረት ዘንግ ያስገቡለታል። ሆስፒታሉን አራት ጊዜ ደወልኩ። አራተኛው ላይ ጮህኩ፤ አዎ፣ እኔ። ቀጠሮሽ ኅዳር 17 ሆኗል። ጨርቄን ማቄን ሳትዪ ሂጂ፤ በአውቶቡስ ሳይሆን ተኝተሽ፣ በአምቡላንስ። እስከዚያ እግርሽ ከደነዘዘ ወይም ሽንትሽን መቆጣጠር ካቃተሽ አንድ ሰዓት እንኳ አትጠብቂ። ለጋሼም ንገሪያቸው።

አንድ ነገር ቀረኝ። ኪኒኑ መደርደሪያው ላይ አለ ብለሽኛል። እኔ የጠየቅኩሽ የት እንዳለ አልነበረም።

ወንድምሽ


ኅዳር 19
ከሆስፒታል

ጭምቱ ወንድሜ፣

አልዋጥኩትም። ሰባት ወር ሆነኝ።

ይኸው፣ ተናገርኩት። አንተን በመዋሸት ስወቅስ እኔ ዓይኔን በጨው አጥቤ ነበር የጻፍኩልህ። ኪኒኑን ከጀመርኩ ወዲህ ጣቶቼ ጠዋት ጠዋት አልታጠፍ ይሉኝ ጀመር። መርፌ ከእጄ ይወድቃል። የቁልፍ ቀዳዳ መስፋት አቃተኝ። እኔ፣ የቁልፍ ቀዳዳዬን አይተው ከሌላ ሰፈር የሚመጡልኝ ሴት! ሐኪሙን ብነግረው ይቀይርልኝ ነበር ይሆናል፤ ግን እየሳቀ ሲሸኘኝ እኔም እየሳቅኩ ወጣሁ። አንድ ቀን ሳልውጥ ዋልኩ፣ ከዚያ ሁለት ቀን፤ ጣቶቼ ተፈቱልኝ። ጭኔን ሲያመኝ ያው የኪኒኑ ርዝራዥ ነው፣ ይለቀኛል እያልኩ ጠበቅኩት። ጣቶቼን ለቀቀ፣ ጭኔን አልለቀቀም። ያኔ ነበር መጠርጠር የነበረብኝ።

ለጋሼህ በአምቡላንሱ ውስጥ ነገርኩት። እንደ ልማዱ እስክሪብቶውን አውጥቶ «እሺ፣ ሐኪሙን የምንጠይቀውን እንመዝግብ» አለ። «አንደኛ» ብሎ ጻፈ። ከዚያ በኋላ ምንም አልጻፈም። እስክንደርስ ወረቀቱ ላይ «አንደኛ» ብቻ ነበር። አርባ ዓመት ያስተማረ ሰው። አንጀቴን በላው።

የሰጡን ወረቀት ላይ ያለው ሁሉ አንተ እንዳልከው ነው። ቀዶ ሕክምናው ኅዳር 24 ነው። ከዳሌዬ እስከ ጉልበቴ ዘንግ ያስገባሉ። እስከዚያ እንዳልነቃነቅ ግራና ቀኜን ትራስ ደግፈውኛል። ጣራውን እያየሁ እውላለሁ። እፈራለሁ፤ ላንተ ልዋሽህ አልችልም፣ በጣም እፈራለሁ። ማደንዘዣውን ሳይሆን፣ ስነቃ የሚነግሩኝን።

አንተ ስታየው፣ በራሴ ላይ ያመጣሁት ነው ወይ? ጋሼህን አልጠይቀውም፣ «አይደለም» ይለኛል። ደግሞ ትመጣለህ?

እትዬ


ኅዳር 21

እትዬ፣

ላለመዋሸት ተስማምተናል። ስለዚህ «አይደለም» አልልሽም፣ «አዎ»ም አልልሽም። ኪኒኑ ካንሰሩ የሚመገበውን ሆርሞን የሚቀንስ ነው፤ ማቋረጥሽ ጠቅሞታል። ግን ሳያዛንፉ እየዋጡም አጥንታቸው ውስጥ የገባባቸው አሉ፣ በእጄ አንስቻቸዋለሁ። ባታቋርጪ ምን ይሆን እንደነበር ማንም አያውቅም። ማንም ያላወቀውን ነገር አንቺ እንደ ጥፋት አትሸከሚው። ሐኪሙን ስለ ጣቶችሽ ንገሪው፤ ሌላ ኪኒን አለ።

አጥንት የሚተረትሩትን ሴሎች የሚያስቆም መርፌ ይጀምሩልሻል። ከዚያ በፊት ጥርስሽን ታይተሽ የተበላውን አስነቅዪ፤ መርፌው ከተጀመረ በኋላ ጥርስ ሲነቀል መንጋጋው አልድን ሊል ይችላል። ያቺን እኔ ሕፃን ከነበርኩበት ጊዜ ጀምሮ የምታሰቃይሽን መንጋጋ ጥርስ ማለቴ ነው።

ፈቃድ አልሰጡኝም። አልመጣም።

ወንድምሽ


ጥር 12

ጭምቱ ወንድሜ፣

አዎ፣ ቆሜያለሁ። በሁለት ምርኩዝ፣ ከአልጋ እስከ ሱቅ። ጋሼህ ርምጃዬን እየቆጠረ ከኋላ ይከተለኛል፤ ትናንት አርባ ሁለት ደረስኩ፣ «ከመቶ ስንት ነው?» ብዬው ሳቀ።

ስለ ጨረሩ እንደምትጠይቀኝ አውቃለሁ፣ የሥራህ ዘመድ ነው። አሥር ቀን ተመላለስኩ። መጀመሪያ ጭኔ ላይ በቀለም መስመር አሰመሩብኝ፣ መሃሉ ላይ መስቀለኛ ምልክት። ቀና ብዬ አየሁት። አንተ በፊልሜ ላይ አደረግከው፣ እነሱ ቆዳዬ ላይ። በቃ አሁን ጨርቁ እኔ ሆንኩ አልኩ። ከዚያ ሁሉም ወጥተው ያንን ወፍራም በር ዘጉብኝ። ምንም አያምም፣ ድምፅ ብቻ ነው፤ ግን እዚያ ክፍል ውስጥ ብቻዬን ተኝቼ የፈራሁትን ያህል ፈርቼ አላውቅም። ሰው የማይጎዳ ነገር ቢሆን ለምን ጥለውኝ ይወጣሉ? አንድ ልጅ በድምፅ ማጉያ «እናቴ፣ አይዞዎት፣ አየሁዎት» አለኝ። በመስታወቱ በኩል እንደዚያ የሚል ሰው አንተም ብትሆን ብዬ ተመኘሁ።

ጥርሴን አስነቅዬ ድዴ እስኪድን ስድስት ሳምንት ጠበቁኝ። መርፌውን ትናንትና ጀመርኩ። ዛሬ ትኩሳት አለኝ፣ አጥንቴ ሁሉ ይቆረጥማል፤ የመጀመሪያው ቀን እንዲህ ነው አሉኝ። ኪኒኑም ተቀይሯል። ሳልውጥ አልውልም፤ ጋሼህ በየጠዋቱ አፌን እንደ ሕፃን ከፍቼ ካላሳየሁት አይላቀቀኝም።

ሥራውስ አልከኝ? ፔዳሉን መርገጥ ክልክል ስለሆነ መዘውሩን ጋሼህ በእጁ ያዞርልኛል። ካርታ ሲያስተምር ሉሉን እንደሚያዞረው ነው፣ ይረሳውና ያፈጥነዋል፣ ስፌቱ ይሰክራል። ሰማኒያው ዩኒፎርም ሄዷል። ሃያ ያህሉ ኪስ ወደ ግራ ያዘነበለ ነው፤ እስካሁን ማንም አላወቀብንም።

በታኅሣሥ ደብዳቤዬ የጠየቅኩህን እስካሁን አልመለስክልኝም። ሰላምታህም እንደገና መርዘም ጀምሯል።

እትዬ


ጥር 18

እትዬ፣

ስንት ዓመት እንደቀረሽ ጠይቀሽኛል። ሁለት ደብዳቤ ሙሉ ዙሪያውን ዞርኩት።

አላውቅም። ይኼ ፊት መዝጋት አይደለም፣ እውነት ነው። አይጠፋም፤ ከአጥንት ውስጥ ጨርሶ የሚነቅለው መድኃኒት ዛሬ የለም። ይያዛል እንጂ አይድንም። ሁለት ዓመት የኖሩ አውቃለሁ፣ ስድስትና ሰባት ዓመት የኖሩም አውቃለሁ፤ ከነርሱ አንዷ በየስድስት ወሩ እየመጣች ትሰድበናለች፣ አልጋችሁ ይቀዘቅዛል ብላ። አጥንት ላይ ብቻ ሲሆን፣ ጉበትና ሳንባ ሳይነካ፣ ብዙ ጊዜ ይረዝማል። ያንቺ እስካሁን አጥንት ላይ ብቻ ነው። የማውቀው ይኼንን ያህል ነው።

ሌላም አለ። ለቀዶ ሕክምናሽ ፈቃድ አልሰጡኝም አልኩሽ። አልጠየቅኳቸውም። አለቃዬ «እህትህ አይደለችም እንዴ፣ ለምን አትሄድም?» ብላኝ ነበር። እኔ ሰው ተኝቶ የማየው በመስታወት በኩል ነው፤ ሁለት ደቂቃ፣ ከዚያ ይነሳል፣ ሌላ ይገባል። አንቺን አልጋ ላይ ተኝተሽ ማየት ፈራሁ። ጥቁሩን ነገር ከፊልም ላይ ማየት ለምጄዋለሁ፤ ከፊትሽ ላይ ለማየት ግን አቅም አጣሁ። አሳፋሪ ነው። ለልጅነቴ ብርጭቆ እንኳ ይህን ያህል አላፈርኩም።

ከእንግዲህ አንድ ደንብ እናውጣ። የምትልኪልኝን ፊልም ሁሉ አያለሁ። አዲስ ነገር ካለው በቀይ እከብበዋለሁ፣ ከሌለው ንጹሑን እመልስልሻለሁ። ሰላምታ አላበዛም።

ወንድምሽ


ግንቦት 9

ጭምቱ ወንድሜ፣

የስድስት ወሩን ተነስቻለሁ። ጭኔን፣ ዳሌዬን፣ ጀርባዬን፣ ሁሉንም። ፊልሞቹን፣ ኅዳር ላይ ሆስፒታል ከተነሳኋቸው ጋር፣ በአሮጌው ካርቶን ሰፍቼ ለሹፌሩ ሰጥቼዋለሁ። ያነሳችኝ ያችው የጤና ጣቢያዋ ልጅ ነች። አልጠየቅኳትም። ፊቷን ብቻ አየሁ፤ ጥርቅም ነው። ስወርድ ግን ክንዴን ደግፋ ጫማዬን አጠለቀችልኝ። ያኔ ይህን አላደረገችም።

ጋሼህ ስለ ጀርባዬ ነግሮሃል መሰለኝ፣ «ለምን ደበቅሽኝ» ያልከኝ። አልደበቅኩህም፣ ገና ሦስት ሳምንቱ ነው። ከወገቤ ከፍ ብሎ፣ ወንበሩ ላይ ብዙ ስቀመጥ፣ እንደ ማሳከክም እንደ መቆርጠምም ያለ ነው። እግሬ አልደነዘዘም። ሽንቴም ደህና ነው። በየቀኑ ጣቶቼን እየነቃነቅኩ እፈትሻለሁ፣ የእግሬንም የእጄንም። በአንድ ምርኩዝ መሄድ ጀምሬ ነበር። ባለፈው ሳምንት እስከ ጫማ ሰሪው በር ብቻዬን ሄጄ መዶሻውን ከጭኑ ላይ አንስቼ ሰጠሁት። ደስ ብሎኝ ነበር። ይቺን ደስታ እንዳይወስዱብኝ እፈራለሁ።

የሐኪሙ ቀጠሮ የፊታችን አርብ ነው። አስቀድሜ ከአንተ ልስማው። ካርቶኑ ሲመጣ መስኮቱ ጋ ቆሜ የምከፍተው እኔ ነኝ፤ ጋሼህን አላስነካውም። ንጹሕ ከሆነ ወዲያው አውቃለሁ። ክብም ካለው አውቃለሁ።

እትዬ


ግንቦት 13

እትዬ፣

ክብ አለው።

ሁለት ነው። አንደኛው የድሮው ቦታ ነው፣ ጭንሽ። እሱን በሰማያዊ ከበብኩት፤ በሥራችን ሰማያዊ የሚባል ነገር የለም፣ ከቢሮ እስክሪብቶ የተሻለ አላገኘሁም። ጥቁሩ ዙሪያውን ነጭ ጠርዝ አውጥቷል፣ ውስጡም እየሞላ ነው። የሚሰፉት ደርሰውበታል። ዘንጉም ቦታውን አለቀቀም። በዚያ እግርሽ ቁሚበት።

ሁለተኛው ቀይ ነው። ከወገብሽ ከፍ ብሎ፣ አከርካሪሽ ላይ፣ ያሳክከኛል ያልሽው ቦታ። ትንሽ ነው፣ ከሸሚዝ ቁልፍ ያንሳል። የአጥንቱ ቁመት አልዘቀጠም። ግን ኅዳር ላይ ሆስፒታል በተነሳሽው የጀርባ ፊልም ላይ አልነበረም፤ አጠገብ ለአጠገብ ሰቅዬ አየሁት፣ ስድስት ጊዜ አየሁት። መድኃኒቱ አንዱን ይዞ ሌላው አምልጦታል ማለት ነው። ሕብለ ሰረሰሩን ራጅ አያሳየኝም፣ ሌላ ምርመራ ያዙልሻል። ኪኒኑን ሊቀይሩት ይችላሉ፣ ጨረር ሊጨምሩ ይችላሉ፤ መርፌው ይቀጥላል። እስከ አርብ ድረስ ከባድ ነገር አታንሺ፣ ጎንበስ አትበይ። ምክንያቱን ነግሬሻለሁና ተጠንቀቂ።

ፈርቻለሁ።

ሹፌሩ ዛሬ ይዞልሽ የመጣው ይህን ደብዳቤ ብቻ ነው። ፊልሞቹን አልሰጠሁትም። መጀመሪያ ከወረቀት እንድታውቂው ፈለግኩ፣ ከፊቴ ላይ መፈለግ እንዳይሆንብሽ፤ ፊቴ መዘጋት ለምዷል። ካርቶኑን ራሴ ሰፍቼዋለሁ፣ ስታዪው ትስቂብኛለሽ፤ ከጋሼ ኪስ የባሰ ያዘነበለ ነው። አለቃዬን ፈቃድ ጠየቅኳት። ሳልጨርስ ነው «ሂድ» ያለችኝ።

ሐሙስ በዘጠኝ ሰዓቱ አውቶቡስ እመጣለሁ። አርብ ሐኪሙ ጋ ስትገቢ አብሬሽ እገባለሁ፤ አልጋው ላይ ስትተኚም ከመስታወቱ ወዲህ፣ ካንቺ በኩል ነው የምቆመው። የመስኮቱን ልብሶች አውርደው እንዲጠብቁኝ ለጋሼ ንገሪያቸው። አብረን እናየዋለን።

ወንድምሽ